የ2009ኙ ክትባት ቤታችንን ጎድቶታል፤ የዘንድሮውን ልጄን ላስከትበው?

ደብዳቤው

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ስቶክሆልም ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ወንዱ ሰባት ዓመቱ ነው፣ አስም አለበት። ባለፈው ክረምት ኢንፍሉዌንዛ ይዞት ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ኦክስጅን ተሰጥቶታል። ሴቷ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ደህና ናት። ሐኪሙ ወንዱ ልጅ በዚህ መኸር የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ይውሰድ ብሎ ጻፈልን፤ ባለቤቴ ግን «ጨርሶ አይሆንም» አለ። ምክንያት የለውም ማለት አልችልም። የእህቱ ልጅ በአሳማ ጉንፋኑ ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤት ተከተበች፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የእንቅልፍ በሽታ ያዛት። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ቡና ላይ ተቀምጠን ስንሳሳቅ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ስኒው ከእጇ ይወድቃል። ባለቤቴ «በእህቴ ልጅ ያየሁት በልጄ አይደገምም» ብሎ ምሏል። ማኅበር ላይ ባነሣው ግማሹ «ክትባት መርዝ ነው» አለኝ፣ ግማሹ ደግሞ «ባልሽን ተዪው፣ አላዋቂ ነው» አለኝ። ሁለቱም አናደዱኝ። አሁን ደግሞ የወፍ ጉንፋን ይወራል፤ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣስ ምን ልናደርግ ነው? እውነቱን ይንገሩኝ። ሳልነግረው ወስጄ ላስከትበው ብዬም አስቤያለሁ።

የጨነቃት እናት

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ሁለት ቀን ሙሉ መልስ መጻፍ አቃተኝ። እዚሁ ስዊድን በነርስነት የኖርኩ ሰው ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 መኸር ያንን ክትባት ከሰጡት እጆች አንዱ የኔ ነው። የባለቤትሽን ቁጣ ከሩቅ ቆሜ የምፈርደው ነገር አይደለም።

ባለቤትሽ አላዋቂ አይደለም። የሚለው ነገር በሰነድ ያለ፣ መንግሥት ራሱ አምኖ ካሳ የሚከፍልበት ጉዳት ነው። ይህንን ሳልነግርሽ ስለ ዘንድሮው ክትባት አንዲት ቃል ብናገር ማንም ሊያምነኝ አይገባም። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር፤ ዘመኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ልቁጠርልሽ።

የዓለም ጤና ድርጅት ሰኔ 11 ቀን 2009 የአሳማ ጉንፋኑን ወረርሽኝ ብሎ አወጀ። ስዊድን ለሕዝቧ በሙሉ የሚበቃ ክትባት አስቀድማ ተዋውላ ስለነበር በጥቅምት መስጠት ተጀመረ። ስሙ ፓንዴምሪክስ ይባላል። በሁለት ብልቃጥ ነበር የሚመጣልን። በአንደኛው የቫይረሱ ክፍል አለ፣ በሌላኛው ደግሞ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ። ነጩን በመርፌ ስበን ወደ መጀመሪያው እንጨምራለን፣ እንነቀንቀዋለን፣ ለአሥር ሰው ይበቃል። ለአዋቂ ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ ለትንንሾቹ የዚያ እኩሌታ። ነጩ ፈሳሽ ኤኤስ 03 የሚባል አጋዥ ነው። ስኳሊን የተባለ ከሻርክ ጉበት የሚወጣ ዘይትና ቫይታሚን ኢ አለው። ሥራው የሰውነትን መከላከያ በኃይል መቀስቀስ ነው፤ ሰውነት በኃይል ከተቀሰቀሰ በትንሽ የቫይረስ ክፍል ብዙ ሰው መከተብ ይቻላል። ያኔ ሁሉም አገር ክትባት በሚሻማበት ሰዓት ይሄ ትልቅ ነገር ነበር።

ወረፋው ከበሩ አልፎ መንገድ ላይ ይደርስ ነበር። የኛ አገር እናቶች በአማርኛ ስለምመልስላቸው የሌላውን ነርስ ጠረጴዛ አልፈው እኔን ይጠብቃሉ። «እህቴ፣ ልጄን ምንም አያደርገውም?» ይሉኛል። እኔም «ምንም አይደለም፣ እንደ ሌላው ክትባት ነው» እል ነበር። ያን ማለት አልነበረብኝም። እንደ ሌላው አልነበረም። የተፈቀደው ቀደም ሲል ለወፍ ጉንፋን ታስቦ በተዘጋጀ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ በልጆች ላይ የነበረው ልምድ ጥቂት ነበር። ማለት የነበረብኝ «በሽታው ደርሷል፣ ክትባቱ አዲስ ነው፣ እስካሁን የታወቀው ይሄ ነው፣ ያልታወቀው ደግሞ ይሄ» ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ የነበረውን ልጄንም በዚያው ሳምንት አስከትቤያታለሁ። እሷ ደህና ሆነች። ከዚያ ወረፋ የወጡት ሁሉ ግን ደህና አልሆኑም።

ከሕዝቡ ወደ 60 በመቶ፣ ማለትም ከ5 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ተከተበ። በነሐሴ 2010 እዚህም ፊንላንድም ያሉ ሐኪሞች አንድ ነገር ማስተዋል ጀመሩ። ለወትሮው በዓመት አንድ ወይ ሁለት የሚያዩት፣ ናርኮሌፕሲ የሚባለው የእንቅልፍ በሽታ በልጆችና በወጣቶች ላይ በዛባቸው። ሲጠና፣ ፊንላንድ ውስጥ ከ4 እስከ 19 ዓመት ካሉት መካከል ከተከተቡ 100,000 ልጆች 9 ያህሉ ታመው ተገኙ። ካልተከተቡት ግን ከ100,000 አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ሐምሌ 2011 ላይ የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ከ20 ዓመት በታች ላሉ አጠቃቀሙን ገደበ። ስዊድን ውስጥ ጉዳታቸው ከክትባቱ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታምኖላቸው ካሳ የተፈቀደላቸው ከ400 በላይ ናቸው። በ2016 የወጣው ሕግ ለአንድ ሰው እስከ 10 ሚሊዮን ክሮነር ድረስ መንግሥት ዋስ እንዲሆን ደንግጓል። የባለቤትሽ እህት ልጅ ይህንን ጠይቃ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ካልጠየቀች አሁንም ይቻል እንደሆነ ዛሬውኑ ታጣራ፤ የእኛ ሰዎች በቋንቋ ችግርም በሐፍረትም ወደኋላ ሲቀሩ አይቻለሁ።

ስኒው ከእጇ ስለሚወድቅበት ነገር ላስረዳሽ፤ ቤተሰቡ ራሱ የማያውቀው ሊሆን ይችላል። አእምሯችን ውስጥ ነቅተን እንድንቆይ የሚያደርግ ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ጥቂት ሴሎች አሉ። ናርኮሌፕሲ የያዘው ሰው የገዛ መከላከያው እነዚህን ሴሎች አጥፍቷቸዋል። እነሱ ሲጠፉ እንቅልፍና ንቃት ድንበራቸው ይፈርሳል፤ ስንተኛ ጡንቻን የሚያዝለው ነገር በቁማችን መጥቶ ጉልበት ይሰብራል። የሚቀሰቅሰው ደግሞ ድንገተኛ ስሜት ነው፣ ከሁሉ በላይ ሳቅ። ስለዚህ ስኒው ሲወድቅ ልጅቷ አልተዝረከረከችም፣ አልሰነፈችም፣ መንፈስም አልያዛትም። ሙሉ በሙሉ ነቅታ ትሰማችኋለች፤ እጇ ብቻ አይታዘዛትም። በሚቀጥለው ጊዜ ማንም «ምን ሆነሽ!» ብሎ እንዳይጮህባት። ስኒውን ያዙላትና ሳቃችሁን ቀጥሉ።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ልጅሽን እንድታስከትቢው ነው የምመክርሽ። እንዴት ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ልንገርሽ።

«ክትባት» የሚለው ቃል ነው የሚያሳስተን። ባለቤትሽ ያየው አንድ የተወሰነ ክትባት፣ በአንድ ዓመት፣ ያደረሰው ጉዳት ነው። ፓንዴምሪክስ ከገበያ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ለልጅሽ የታዘዘው በየዓመቱ የሚሰጠው የወቅቱ ክትባት ነው፤ ኤኤስ 03 የሚባለው ነጭ ፈሳሽ የለበትም። ልብ በይ፣ በ2009 የተነሣው ቫይረስ አልጠፋም። ዘሩ ከእኛ ጋር ቀርቶ ተራ የክረምት ኢንፍሉዌንዛ ሆኗል፤ ከ2010 ወዲህም በወቅቱ ክትባት ውስጥ ይገባል። ያን የያዘ ክትባት በዓለም ላይ በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠር ሰው ይሰጣል። እዚህ እንዳየነው ያለ የናርኮሌፕሲ መብዛት አላስከተለም። አሜሪካኖቹም ያኔ በ2009 ያለ አጋዥ ፈሳሽ ነው የከተቡት፤ እነሱ ዘንድ ይህ ጉዳት አልታየም።

ታዲያ ጥፋቱ የነጩ ፈሳሽ ነው እንዳልል ካናዳ አለች። ተመሳሳይ አጋዥ ባለው፣ ሌላ ፋብሪካ በተሠራ ክትባት ከትባ የታየው ችግር ከእኛ እጅግ ያነሰ ነበር። ቤጂንግ ውስጥ ደግሞ ከ2009ኙ ወረርሽኝ ቀጥሎ ናርኮሌፕሲ ሲበዛ፣ ከታመሙት አብዛኞቹ ጭራሽ ያልተከተቡ ነበሩ። በሽታው ራሱም ይህን ማድረግ ይችላል ማለት ነው። ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የተስማሙበት ግን አለ፤ የታመሙት ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ዓይነት ዘረ መል አላቸው። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ ከአራት ሰው አንዱ ገደማ ይህ ዘረ መል አለው፤ አብዛኛው ሰው ይዞት ይኖራል፣ ምንም አይሆንም። ልጅሽ ከአባቱ ወገን ወርሶት ሊሆን ይችላል። ለዘንድሮው ክትባት የሚያሰጋ አይደለም፤ ለሐኪሙ ግን ስለ አክስቱ ልጅ ንገሩት፣ መዝገብ ላይ ይስፈር። ወደፊት አዲስ የወረርሽኝ ክትባት ከመጣ ያ መረጃ ዋጋ ይኖረዋል።

በሽታውን ራሱን ደግሞ እንየው። ቋንቋችን እዚህ ላይ አልረዳንም። አፍንጫን የሚያፈሰውም፣ ሰውን አልጋ ላይ ጥሎ ሳንባውን የሚያቃጥለውም በአማርኛ ያው «ጉንፋን» ነው። ሐኪሙ «የጉንፋን ክትባት» ሲል ሰው «ለጉንፋን ደግሞ መርፌ!» ይላል። አያቶቻችን ግን ልዩነቱን ያውቁ ነበር። በ1918፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 1911፣ የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። «የኅዳር በሽታ» አሉት። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል፣ «ኅዳር ሲታጠን» ሲባል ያደግሽ ከሆነ፣ ያ ጭስ የዚያ ወረርሽኝ መታሰቢያ ነው። መቶ ዓመት ያለፈው ልማድ የቀረው ሕዝቡ ያየው ነገር ቀላል ስላልነበረ ነው።

የልጅሽ ሳንባ ደግሞ ይህን በሽታ ባለፈው ክረምት አይቶታል። ከ2009 ጀምሮ እንደታየው፣ በኢንፍሉዌንዛ ሆስፒታል ከሚገቡ ልጆች ላይ በብዛት የሚገኘው ቀደምት ሕመም አስም ነው። አስም ያለበት ልጅ የአየር ቧንቧው አስቀድሞ ያበጠ ነው፤ ቫይረሱ ሲጨመርበት ይጠባል። አንቺ ኦክስጅኑን አይተሽዋል፤ ያንን ሌሊት እኔ አልነግርሽም።

ክትባቱ ፍጹም ነው አልልሽም። ከቫይረሱ ጋር በተስማማበት ዓመት እንኳ መታመምን የሚቀንሰው ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው። «ተከትቤ ታመምኩ» የሚል ሰው አይዋሽም። ዋናው ጥቅሙ ከባዱን ሕመም ማቅለሉ ነው፤ ለልጅሽ የሚያስፈልገውም እሱ ነው። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎቼም ስሙኝ፦ በ2024 እና 2025 መካከል በነበረው ክረምት እዚያ 280 ልጆች በኢንፍሉዌንዛ መሞታቸው ተመዝግቧል። መከተብ ከሚችሉትና የክትባት ሁኔታቸው ከታወቀው መካከል ከአሥር ዘጠኝ ያህሉ በሚገባ አልተከተቡም ነበር። ሕመም የነበረባቸው ከግማሽ ጥቂት ይበልጣሉ፤ የቀሩት የሚታወቅ ሕመም የሌለባቸው ልጆች ነበሩ።

ስለ ሴቷ ልጅሽ ብዙ አትጨነቂ። ጎረቤታችን ፊንላንድ ከስድስት ወር እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች ሁሉ ትሰጣለች፤ ስዊድን ደግሞ ጤነኛ ልጆችን በጅምላ አትከትብም። ሁለቱም አገሮች ሐኪም አላቸው፣ ሁለቱም የየራሳቸው ስሌት አላቸው። ወንድሟ ቤት ውስጥ በሽታ እንዳይገባበት ብትከተብ ጥሩ ነው፤ ካልተከተበችም አልወቅስሽም። በአንድ ጊዜ ሁለት ጦርነት አትክፈቺ። ኃይልሽን ለወንዱ አቆዪው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ሳትነግሪው አትውሰጂው። አንደኛ ነገር፣ ሁለታችሁም አሳዳጊ ከሆናችሁ እዚህ አገር የሁለታችሁም ፈቃድ ይፈለጋል። ከዚያም ይልቅ፣ ልጁ በማግስቱ ትንሽ ቢያተኩሰው አባቱ «ምን ነካው?» ሲል ምን ልትመልሺ ነው? የሰባት ዓመት ልጅ ምስጢር አይቋጥርም፤ እጁን እያሻሸ «መርፌ ተወጋሁ» ይለዋል። የእህቱን ልጅ ያጣ ያህል ሆኖ የኖረ ሰው ነው፤ ያኔም ሳይነገረው የቀረ ነገር ነበር፣ አሁን ደግሞ በገዛ ቤቱ ሳይነገረው ሊደረግ ነው። አንዴ ተሸውጃለሁ ያለ አባት ለሚቀጥሉት ዓመታት በሙሉ በሩን ይዘጋብሻል።

ቁጭ በሉና መጀመሪያ «ልክ ነህ» በዪው። የምሬን ነው። ከዚህ ቀደም ማንም እንዲህ ያለው አይመስለኝም። ማኅበር ላይ «አላዋቂ ነው» ሲባል፣ ሐኪም ቤት «አትስጋ» ሲባል ነው የከረመው። እኔም ያኔ «ምንም አይደለም» ካሉት አንዷ ነኝ። «ያ ክትባት ጎድቷታል፣ መንግሥትም አምኗል፣ ይህኛው ያ አይደለም» የሚለውን ቀስ ብለሽ ንገሪው። ባንድ ምሽት እንዲያልቅ አትጠብቂ። ከዚያ አብራችሁ ሐኪሙ ዘንድ ሂዱ፣ ጥያቄውን እሱ ይጠይቅ፤ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ መብታችሁ ነው፣ ሲይዙላችሁ አማርኛ ብላችሁ ንገሯቸው። የክትባቱን ስም ይጠይቅ። አጋዥ ፈሳሽ አለው ወይ ይበል። የተጻፈበትን ወረቀት ወስዶ ቤቱ ያንብብ።

አንድ ሰው ደግሞ እንዳትረሱ፤ የእህቱ ልጅ ራሷ። አሁን የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ናት። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላው ሰው ስለ እሷ ሲናገር ኖሯል። እኔ የማውቃቸው፣ ያኔ የተጎዱ ወጣቶች በክትባት ላይ አንድ ዓይነት ሐሳብ የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ዳግመኛ መርፌ ማየት አይፈልጉም፣ አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ሳይፈሩ ያስከትባሉ። ባለቤትሽ በእሷ ስም ከመማሉ በፊት እሷን ይጠይቃት። መልሷ ምንም ይሁን፣ ስለ እሷ ከመናገር እሷን መስማት ይበልጣል።

የወፍ ጉንፋኑን ጠይቀሽኛል። በ1997 ሆንግ ኮንግ ላይ 18 ሰው ይዞ 6 ገደለ፤ ከ2003 ወዲህ ከ900 በላይ ሰዎች መያዛቸው ተረጋግጧል፣ ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። በ2024 አሜሪካ የወተት ላሞች ላይ ተገኘ። እስካሁን ከሰው ወደ ሰው በሰንሰለት የሚዛመትበትን መንገድ አላገኘም፤ ወረርሽኝ ያልሆነው ለዚህ ነው። ፊንላንድ በ2024 ከእንስሳት ጋር ለሚሠሩ አዋቂዎች ክትባት መስጠት ጀመረች። ልጆችን የሚመለከት ነገር ዛሬ የለም፤ ለዚህ ብለሽ ሌሊት አትንቂ።

ነገ ቢመጣስ? ያኔ ማንም፣ እኔም ጭምር፣ «ምንም አይደለም» ብንልሽ አትቀበይን። ይልቅ ጠይቂን። በልጅሽ ዕድሜ ባሉ ልጆች ላይ ተሞክሯል ወይ? በስንት? አጋዥ ፈሳሽ አለው ወይ፣ ከዚህ በፊት ለልጆች ተሰጥቶ ያውቃል? በሽታው ልጆችን ምን ያህል ይጎዳል? አንድ ነገር ቢደርስ ማን ይከፍላል? በ2009 ስዊድን ውስጥ በዚያ ጉንፋን የሞተው 30 ገደማ ሰው ነበር። የዛሬውን ያኔ ባውቅ ኖሮ ጤነኛ የሆነን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በዚያ ክትባት አልወጋውም ነበር፤ አጋዥ የሌለው ይምጣለት ብዬ እጮህ ነበር። የሚመጣው ወረርሽኝ ግን እንደ 1918ቱ ከሆነ ስሌቱ ይገለበጣል፤ ያኔ መዘግየቱ ነው ልጅ የሚያሳጣው። መልሱ በየወረርሽኙ ይለያያል። ጥያቄው ግን ያው ነው፤ ባለቤትሽም ጥያቄውን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ያን ጊዜ ብታማክሩ የምፈልገው እንደሱ ያለውን ሰው ነው።

አሁን ለዘንድሮው የሚያስፈልግሽን ልንገርሽ። ልጅሽ ከዘጠኝ ዓመት በታች ስለሆነ፣ ከዚህ በፊት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወስዶ ካላወቀ ሁለት ጊዜ ነው የሚሰጠው፤ በመካከሉ አራት ሳምንት። ከዚያም መከላከያው እስኪገነባ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። እዚህ በሽታው የሚበረታው ገና ካለፈ በኋላ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ስለሆነ፣ መጀመሪያውን በኅዳር ከወሰደ በጊዜው ይደርሳል። እስከ ገና ካቆያችሁት ግን ሁለተኛው በሽታው መሐል ይገባል። በዕለቱ ትኩሳት ካለበት ወይም አስሙ ከተነሣበት ቀኑን አዘዋውሩት። ከተወጋ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል እዚያው ቆዩ። ክንዱን ያመዋል፣ አንድ ሁለት ቀን ሊያተኩሰው ይችላል፤ ያልፋል። መርፌው የሞተ ቫይረስ ስለሆነ ራሱ ኢንፍሉዌንዛ አያሲዝም።

ተከተበም አልተከተበም፣ በየቀኑ የሚወስደውን የአስም መድኃኒት «ተሽሎታል» ብላችሁ እንዳታቋርጡበት። በክረምት የምሰማው ስህተት በብዛት ይሄ ነው። ደግሞ ሌላ፣ ስንናገረው የሚከብደን ነገር አለ። መስኮት በተዘጋ የክረምት አፓርታማ ውስጥ ቡና ተቆልቶ፣ ዕጣን ከሰል ላይ ተጨሶ፣ አስም ያለበት ልጅ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሲያስል አይቻለሁ። ቡናውን አልከለክልሽም፣ እኔም ያለሱ አልውልም። ተቆልቶ የመጣውን አፍዪ፣ ዕጣኑ ይቅር፤ ወይም ልጁ ውጭ ሲጫወት ይሁን። ዝንጅብልና ማሩን ስጪው፣ ጉሮሮውን ይለሰልስለታል፤ ዳማከሴ ግን የጠበበ ቧንቧ አይከፍትም።

ከታመመ ደግሞ ቶሎ ወደ ጤና ምክር መስመሩ 1177 ደውዪ። አስም እንዳለበት መጀመሪያ ተናገሪ፤ ለቫይረሱ የሚሰጠው መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው ሕመሙ በጀመረ በሁለት ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው። ሌሊት ከሆነ ሹራቡን ገልጠሽ ደረቱን እዪው። በተነፈሰ ቁጥር በጎድን አጥንቶቹ መሐል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ የሚሳብ ከሆነ፣ ሁለት ቃል ተናግሮ ለትንፋሽ የሚያቆም ከሆነ፣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ 1177 ላይ ወረፋ አትጠብቂ፤ የድንገተኛ አደጋ ስልኩ 112 ነው።

ከሐኪሙ ስትመለሱ ባለቤትሽ ያልተመለሰለት ጥያቄ ካለ እሱ ራሱ ይጻፍልኝ። ከተናደደም በንዴቱ ይጻፍ፤ በዚሁ ዓምድ ላይ እመልስለታለሁ።